ቲቸር ስክሪን

የሚያናድዳት ትከሻዋን ማመሙ ሳይሆን፣ ሲያማት የሚያምናት ሰው ማጣቷ ነበር። "የኮምፒውተር መምህርት ነኝ" ስትል ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተንፈላስሳ የምትውል ይመስለዋል። እሷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ነው የምትውለው። በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ስክሪን እሷ ራሷ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ከተሠራ ቆይቷል። ጠረጴዛው ተደርድሯል፤ ሶኬቱ በየግድግዳው ተገጥሟል፤ በሩ ላይ "ጫማ አውልቃችሁ ግቡ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የጎደለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። "ይመጣል" ተባለ፣ "መንገድ ላይ ነው" ተባለ፣ በመጨረሻ ስለ እሱ የሚናገርም ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። እሷም በወሬ አላስተምርም ብላ የመጽሐፍ ካርቶን ቆራርጣ፣ በማርከር ኪቦርድ ሥላ ለየተማሪው አደለች። ተማሪዎቹ ካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል በጣታቸው ሲነኩ፣ እሷ የተነካውን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ከተሳሳቱ ስሕተቱንም ትጽፈዋለች፤ ስክሪን ይሉኝታ አያውቅም። ባዶ የሳሙና ፓኮ እንደ ማውስ ገፋ ገፋ አድርገው "ጠቅ" ካሉ ሳጥን ትሥልላቸዋለች። "ዝጋ" ካሉ በዳስተር ታጠፋለች። ተማሪዎቹ ከኋላዋ "ቲቸር ስክሪን" ይሏታል። ታውቃለች። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው መምህራን ስላሉ ተመስገን ብላ ትኖራለች።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበር፤ ፊደሉ ሰሌዳው ላይ ሳይወጣ ሌላ ፊደል መንካት አይቻልም። "የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ" ትላቸዋለች። እውነቱን ለመናገር ደንቡን ያወጣላት ትከሻዋ ነው። በተለይ አንዲት ልጅ ነበረች፤ "ጠቅታ" የሚሏት፣ ጣቶቿ ካርቶኑ ላይ የሚበሩ። እሷ ቃሉን ስትጨርስ መምህርቷ ገና መጀመሪያው ላይ ናት።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ጨርሻለሁ" ትላለች ጠቅታ።

"ስክሪኑ እጁን አሞታል። ጠብቂ።"

ልጅቷም ጣቷን ካርቶኑ ላይ እንዳሳረፈች ቀና ብላ ትጠብቃለች። ክፍሉ ሁሉ እንዲያ ነው፤ አንድ ፊደል ነክቶ ቀና፣ አንድ ፊደል ነክቶ ቀና። ከመካከላቸው የማይማረረው "ቀስ በቀስ" የሚባለው ወፍራም ልጅ ብቻ ነበር። እሱማ ድሮም እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራት።

"እስከ ዛሬ ዕቃ የላቸውም እየተባለ ከተግባር ፈተና ነፃ ነበርን" አላት። "ዘንድሮ ነፃ የሚባል የለም። ልጆችሽ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው በእውነተኛ ኮምፒውተር ይፈተናሉ። ቢያንስ ግማሹ ካላለፈ ትምህርቱ ይቀራል፤ ክፍሉንም የወንበር መጋዘን አደርገዋለሁ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ጸሐፊ አልነበርሽ? እዚህ ትመለሻለሽ። ይኸው ወንበርሽ።"

ወንበሩን አየችው። መደገፊያው ወፍራም ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። መጋዘን ስለሚሆነው ክፍሏ ሳታዝን ወንበሩን ማየቷ አሳፈራት። ቢሆንም አየችው።

ማታ ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ መርፌዋን አስቀምጣ ትከሻዋን በቅባት አሸችላት። ሁለቱም ያላገቡ ናቸውና፣ ያቺ ለዚች እናትም ናት፣ ጎረቤትም ናት።

"አንቺ ሰው ነሽ ኤሌክትሪክ?" አለች እህቷ።

"ኤሌክትሪክማ አልፎ አልፎ ያርፋል።"

"ተዪዋ እንግዲህ! ቢወድቁ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ባዶ ክፍል ሰጥተው ኮምፒውተር አስተምሪ ያሉት ይፈሩ። አንቺ ሄደሽ ቁጭ በይ።"

እህቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር።

የፈተናው ዕለት ልጆቹን ይዛ ወደዚያኛው ትምህርት ቤት ሄደች። ኮምፒውተሮቹ በተርታ በርተው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ኪቦርዱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው እርስ በርስ ተያዩ። ፈታኙ ገና ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው። የትምህርቱ መምህር ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ በትሕትና አስወጣትና በሩን ዘጋ። እሷም መተላለፊያው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ቆመች። ሥራው ቀላል ነበር፤ አንድ አጭር ደብዳቤ ጽፎ ማስቀመጥ። ልጆቿ በሕልማቸውም ይጽፉታል።

"ጀምሩ" አለ ፈታኙ።

ሁሉም አንድ ፊደል ነኩ። ከዚያ ሁሉም ቀና አሉ።

ሰሌዳው ባዶ ነው። ጠበቁ። ስክሪኑ አፍንጫቸው ሥር መኖሩ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጣት አንዴ የለመደውን ልማድ አእምሮ አይፈታውም። ፊደሉ ሳይወጣ ሌላ አይነካም። ሰሌዳው ላይ አልወጣ ሲላቸው አንድ በአንድ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ እሷ አዞሩ።

ፈታኙ ሰሌዳው ላይ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። ቀርቦ አየው፤ በእጁ ዳሰሰው፤ ጀርባውንም አጮልቆ ተመለከተ። ቀጥሎ መስኮቱን ከፈተ።

"ይቅርታ፣ እነዚህ ልጆች ሰሌዳው ላይ ምን ያያሉ?"

"እኔን ነው የሚያዩት" አለች።

"ምን?"

"እስክጽፍላቸው እየጠበቁ ነው።"

አልገባውም፤ ማንስ ቢሆን እንዴት ይገባዋል? "አንድ ቃል ቢተነፍሱ ፈተናውን እሰርዘዋለሁ" አላት። "እጅዎንም እባክዎ ያውርዱ።"

ያን ጊዜ ነው ቀኝ እጇን ያየችው። ጠመኔ የያዘ ይመስል አየር ላይ ተነሥቷል። ቀስ ብላ አወረደችው።

ሰዓቱ ይሄዳል። ልጆቹ አንድ ፊደል ጽፈው ተቀምጠዋል። ስለ መውደቃቸው እሷን ማንም አይጠይቃትም። ዝም ብላ እዚያው ብትቆም በቂ ነው፤ ወንበሩ ይመጣል፣ መስኮቱ ይመጣል፣ ትከሻዋ ያርፋል። ደንቡን ያወጣሁት ደክሞኝ ነበር፤ ድካሜን ነው ያስተማርኳቸው ብላ አሰበች። ጠቅታ ከኋላ ወንበር ታያታለች። ዐይኗ "ይጻፉልን እንጂ" ይላል።

መምህርቷ ፊቷን አዞረችና ሄደች።

መተላለፊያውን ጨርሳ፣ ከመስኮቱ ፈጽሞ በማይታየው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እንዳያይዋት ብላ ቢሆንም፣ ጥላቸው የሄደች ያህል ተሰማት። ውስጥ ጸጥታ ነበር። ቆየ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ቀጭን፣ ደረቅ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ከወዲያ ሌላ፣ ከወዲህ ሌላ፤ እያለ እያለ ክፍሉ በሙሉ ይንጣጣ ጀመር። ምን እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ለዓመታት ስታስተምር ተማሪዎቿ ሲጽፉ ሰምታ አታውቅም። ካርቶን ድምፅ የለውም።

ደስ አላት፤ ከፋትም። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ፈታኙ ወጥቶ ፈለጋት። "አብዛኞቹ በደንብ አልፈዋል" አለ፤ አሁንም ግራ እንደገባው ነው። "መጀመሪያ ላይ ምን ነክቷቸው እንደነበር እንጃ።"

ጠቅታ ከኋላው ብቅ ብላ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ትንሽ አኩርፋለች።

"ሲሄዱብን ተናድጄ አንገቴን ደፋሁ" አለች። "ለካ ፊደሉ እዚያው ወጥቶ ይጠብቀኛል። ቲቸር፣ እንዴት ይፈጥናል! እንደ እርስዎ አያስጠብቅም።"

"ትከሻ የለውማ" አለች መምህርቷ።

ወንበሩ ትዝ አላት። መስኮቱም። ከዚያ የልጅቷን ክንድ ተደግፋ ተነሣችና፣ "ለሚመጡት ልጆች አዲስ ካርቶን ፈልጊልኝ" አለች። "የድሮው ፊደሉ ጠፍቷል።"