መሳቢያ ውስጥ ያለው ገመድ

ሔርሜላ አቡዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ለሦስት ተከራይ በተከፋፈለ ቪላ ውስጥ ነው የምትኖረው። ዋይፋዩ የእሷ፣ ተጠቃሚው ግን ጎረቤቱ ሁሉ ነው። ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ሲያዘጋ፣ የጎረቤቷ የዘሃራ ልጆች ቤት ሆነው እንዲማሩ ብላ ፓስወርዱን ሰጠች። ለዘሃራ ሰጥቶ ፎቅ ላይ ያለውን ወንደላጤ ዘይኑን መከልከል ደግሞ ነውር ሆነባት። ለይሉኝታ ማስክ አልተሠራለትም።

አሁን ላፕቶፗ ሊሞት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ቋ ቋ ይላል። እናቷ እትዬ ፋንታዬ ሊጠይቋት መጥተው ሳለ አል ዓይን፣ ጀበል ሐፊት ተራራ አናት ላይ የቀረጸቻቸው ቪዲዮ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በሚያዝያ አገር ቤት ሲያርፉ አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር አልቀበረቻቸውም። ከድምፃቸው የቀረላት ያ ብቻ ነው።

ባሏ ባዬ ፋይል እንዲገለበጥባት ያዘጋጃት የባክአፕ ሳጥን ሳሎን ተቀምጣለች። ኮፒውን በዋይፋይ ስታስጀምር ግን ልጆቹ የኦንላይን ክፍል ይገባሉ፣ ዘይኑ ፊልሙን ይከፍታል፣ ኮፒው ሲንፏቀቅ ቆይቶ ይቋረጣል። እንደገና ከዜሮ። ዘሃራ ኔትወርኩን አጨናነቅንብሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት "ኧረ ምንም አይል" ትላታለች፤ በሯን ዘግታ ግን ጥርሷን ታፋጫለች።

ባዬ ለሥራ አል ዓይን እንደሄደ መንገዱ ተዘግቶበታል። በየቀኑ እየደወለ ያስተምራታል፤ ይሄ በዋይፋይ የሚሆን አይደለም፣ በገመድ አገናኚው፣ ሰማያዊው ገመድ መሳቢያ ውስጥ አለ። መሳቢያውን ገለበጠችው፤ የለም። ልግዛ ስትለው፣ ቤት ያለ ዕቃ ለምን ይገዛል አላት። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ፈለገች። "በደንብ አላየሽም" ሲላት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

መንገዱ ተከፍቶ ባዬ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ሻንጣውን ሲፈታ ሰማያዊው ገመድ ከካልሲዎቹ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ። ራሱ ይዞት ሄዶ ረስቶታል። ሔርሜላ ገመዱን ከእጁ ነጥቃ ሰካችው።

ስንት ቀን የለመነችው ኮፒ ሻይ ሳይፈላ አለቀ።

"አላልኩሽም?" አላት ባዬ።

ቪዲዮውን ከሳጥኗ ከፈተችው። እናቷ ነፋሱ እንዳይወስድባቸው ነጠላቸውን ይዘው፣ ፎቶ ለመነሳት ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች እያዩ ይሳቀቃሉ።

"በቃ አጥፊው ልጄ፤ ሰው አናስቸግር።"

ሔርሜላ እያለቀሰች ሳቀች።

"አሁንስ አበዛሽው እማዬ" አለቻቸው። "ሰው ላለማስቸገር ስል አንቺኑ ላጣሽ ነበር እኮ።"