ዘር ማንዘሬን ተዉት

የእትዬ ጥሩሸዋ ሙክት የጠፋው እኔ ለእረፍት ከመሐል ሜዳ በመጣሁበት ሳምንት ነው። ዕድሌ እንዲህ ነው። ትንሽ ዘግይቶ ቢጠፋ ኖሮ እኔ ወደ ኪራይ ቤቴ ተመልሼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍቴን አገላብጥ ነበር፤ አገሩም በሰላም ምሎ ይገባ ነበር።

እኛ ዘንድ ከብት ሲጠፋ ከፖሊስ በፊት አውጫጭኝ ይጠራል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ሚካኤል ደጅ ይሰበሰብና አንድ በአንድ እየተነሣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይይዛል። "ወስጄ እንደሆነ፣ የወሰደውንም አውቄ ደብቄ እንደሆነ፣ ሚካኤል ከነዘር ማንዘሬ ያጥፋኝ" ይላል። የማለ ነጻ ነው፣ ያልማለ ሌባ ነው። ከዚህ የቀለለ ሕግ የለም።

እኔ ደግሞ ቀላል ነገር ማክበድ ልማዴ ነው። እናቴ ጌታነሽ "ይቺ ልጅ ስትወለድ ያለቀሰችው 'ለምን' ብላ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። በሃይማኖት ላይ መጠየቅ የጀመርኩት ግን መሐል ሜዳ ከገባሁ ወዲህ ነው። ራኒያ የምትባል ከቆላ የመጣች የነጋዴ ልጅ አብራኝ ትማራለች። ተስቦ ይዞኝ በወደቅሁ ጊዜ ልብሴን ያጠበችው፣ አጥሚት ያጠጣችኝ እሷ ናት። ስድን ሰንበት ትምህርት ቤት ሄድኩና "ራኒያ እስላም ስለሆነች ብቻ ሲኦል ትገባለች?" ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ መጠየቁ ራሱ ኃጢአት ነው አለኝ። መልስ ቢሰጠኝ ምናልባት ዝም እል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ጥያቄን እየወለደ ይኸው የማምነውንና የማላምነውን እየለየሁ ነው። ገና አልጨረስኩም፤ አልቸኩልምም።

ያን እሁድ ከእኔ በፊት የማለው ፈንታ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን በበሬዎቹ የሚያርስልን እሱ ነው። በሩን ይዞ ቶሎ ቶሎ ተናገረና ወረደ። ሚስቱ እስከዳር ሆዷ ገፍቶ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች።

"እፀገነት!" አሉ መምሬ ገሠሠ።

ተነሣሁ፤ ወደ በሩ ግን አልሄድኩም።

"መምሬ፣ በጉን አልወሰድኩም። ማን እንደወሰደውም አላውቅም። ግን አልምልም።"

"ካልወሰድሽ ምን ያስፈራሻል ልጄ?"

"ምንም አያስፈራኝም። በአንድ ሙክት የተነሣ ገና ያልተወለደ ልጅ የሚያጠፋ መልአክ አለ ብዬ አላምንም። ሳላምን ብምል መዋሸቴ ነው። አምኜ ብምል ደግሞ ልጆቼን መርገሜ ነው። ያልተወለደው ምን በደለ?"

ደጁ ተናወጠ። አንዱ "ትምህርት ነው ያበላሻት!" ሲል ሌላው አማተበ። እትዬ ጥሩሸዋማ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ሌባዋ ተገኘቻ! ደግሞ በጌን በልታ ትሰብከኛለች!"

ሽማግሌዎቹ ብዙም አልተማከሩ። እስከ መጪው እሁድ ሌባው ካልተገኘ፣ እኔም ካልማልኩ፣ የጌታነሽ ቤት ከእሳትና ከውሃ ይለይ አሉ። ይህ ማለት የሚያርስልን፣ የሚጠይቀን፣ ስንሞትም የሚቀብረን የለም ማለት ነው። ወንድ ለሌለበት ቤት ይህ ሞት ነው። ያኔ ደነገጥኩ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ ነገ መኪና ይዤ እሄዳለሁ። እናቴ የት ትሄዳለች?

እናቴ ተነሣች። ጾም ሽራ የማታውቅ፣ በሚካኤል ዕለት ውሃ እንኳ የማትቀዳ ሴት ናት። ቀጥ ብላ ሄዳ በሩን ያዘች።

"እማዬ ተይ!"

"ዝም በይ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ስልሽ አልሰማ ብለሽ ነው።" ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ይቺ ልጅ ነገር ታበዛለች፤ ውሸት ግን አታውቅም። ዋሷ እኔ ነኝ። ዋሽታ እንደሆነ ሚካኤል እኔን ይጠይቀኝ። እኔን ብቻ። ዘር ማንዘሬን ተዉት።"

መምሬ ገሠሠ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጌታነሽ፣ እንዲህ ተምሎ አያውቅም።"

"ዛሬ ተማለ" አለች እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ዋስነቷን ተቀበሉ፤ ግን እስከ እሁድ ብቻ። ቤት ገባን። ራት አቅርባ ስታበቃ ነው የጠየቀችኝ።

"ሚካኤልንም አታምኚም?"

"አላውቅም እማዬ።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች። "ብዪ፣ ራትሽን ብዪ።"

በማግስቱ ሰው ሰላምታ ነፈገን። ረቡዕ ግን ፈንታ ለበልግ ሊያርስልን በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ሰው ሁሉ ሲሸሸን እሱ በመምጣቱ አመሰገንኩት። እኔ ከማሳው ድንጋይ እየለቀምኩ ነበር። ብዙም ሳያርስ በሬዎቹን አቆመና አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

"እፀገነት፣ ያ ነገር የምርሽን ነው?"

"የቱ ነገር ጋሼ ፈንታ?"

"ባልተወለደ ልጅ ላይ አይደርስም ያልሽው።"

ፊቱን አየሁት። እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ፊት ነው። ሳይነግረኝ ገባኝ።

"አንተ ነህ!"

አልካደም። "ገብሱን ውርጭ በላው። እስከዳር ልትወልድ ደርሳለች። ልጄን ክርስትና ሳስነሣ ለሰው የማቀርበው አጣሁ። ሙክቱ አልታረደም፤ አማቶቼ ቤት ነው። በሩን ስይዝ ቶሎ ተናግሬ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። አንቺ 'ያልተወለደው ምን በደለ' ስትዪ ግን ምን እንዳልኩ ገባኝ። አሁን እስከዳር አመመኝ ባለች ቁጥር እኔ ነኝ የገደልኩት እላለሁ።"

 ለክርስትና ድግስ በግ ይሰርቃል? የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት።

"እናቴ ለእኔ ዋስ ሆና በሩን ስትጨብጥ ቁጭ ብለህ አየሃት!"

"አየኋት" አለ፤ እንባው ወረደ። "ስድቡን ስትጨርሺ ግን ንገሪኝ። ተምረሻል፤ አትፈሪም። ይደርሳል ወይስ አይደርስም?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። "ይደርሳል፤ ዛሬውኑ ሄደህ ካልተናዘዝክ ልጅህ አለቀለት" ብዬ ብነግረው እየሮጠ መምሬ ቤት ይገባል። እናቴ ትድናለች፣ እኔም እድናለሁ። አይደርስም ብዬ ብነግረው ግን እፎይ ብሎ አፉን ዘግቶ ሊቀር ይችላል፤ እሁድ ከእሳትና ከውሃ የምንለየው እኛ ነን። ሰውን በፍርሃት መንዳት ምን ያህል እንደሚቀል ያን ጊዜ አየሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት እኔን የነዱኝም በዚሁ ነው። ጠላሁት።

"አይደርስም" አልኩት።

"በምን ታውቂያለሽ?"

"እግዜር ካለ ከእናቴ አያንስም። እሷ እንኳ ልጆቹን ተዉ፣ እኔን ብቻ ብላለች።"

"'ካለ' ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ ካለ ነው ያልኩት።"

  ፊቱን በጋቢው ጠረገና ተነሣ።

"እኔን ብቻ ከሆነማ እችለዋለሁ" አለ። "በይ በሬዎቹን ያዢልኝ።"

ጅራፉን ሰጥቶኝ ወደ መምሬ ገሠሠ ቤት ሽቅብ ወጣ።