ያልተከፈቱ ፖስታዎች

«ክቡራትና ክቡራን፣ የድንች ሰላጣው አልቋል።»

የካልደር ከተማ የዘማቾች ማኅበር አዛዥ ሌስተር ብራንት ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተሰዉ ጓዶችን ስም እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገረው። «ከዓሣው ጋር የሚቀርበው ጎመን ብቻ ነው። እናመሰግናለን።» ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች በልማድ ቆባቸውን አወለቁ።

ዌንደል ክራውስ አላወለቀም። ዓይኑ አዛዡ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አልነሣ ብሏል። ሰማያዊው ጨርቅ ላይ የልጅ ልጁ የኮሪን የነፃ ትምህርት ማመልከቻ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ አንድ ቡናማ ፖስታ አለ። ፖስታው የመጣው ከወታደሮች መዝገብ ቤት ነው። ኮሪን አያቷን ለማስደሰት ብላ፣ ማንንም ሳታማክር፣ የት የት እንደዘመተ ጽፋ ጠይቃ ነበር። ሲመጣላት ለማኅበሩ አስረከበች።

አርብ አርብ ለዓሣው እራት ሰው ለወንበር የሚጋፋበት አዳራሽ ነው። ዛሬ ግን ፖስታው አጠገብ ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ባዶ ነበሩ።

ሌስተር ማይክሮፎኑን አጥፍቶ መጣና ዌንደል አጠገብ ተቀመጠ።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለ።

«ናት።»

«ጉብዝናዋ ትንሽ በዛ እንጂ።»

በካልደር ማኅበር አባል የሚሆን ሰው ከጦሩ የተሰናበተበትን ወረቀት በፖስታ አሽጎ ያስረክባል። ፖስታው ባንኮኒው ጀርባ ካለው የብረት ሣጥን ይገባል፤ አይከፈትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው የመጀመሪያው አዛዥ «የወታደርን ቃል በወረቀት አልመረምርም» ብሎ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ በየዓመቱ በግንቦት ይወለወላል እንጂ ማንም አይከፍተውም። በዌንደል ፖስታ ውስጥ ያለው የሣር ማጨጃ ማሽን የዋስትና ወረቀት ነው። ማጨጃው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዌንደል ወታደር ነበር፤ ይሄ ውሸት አይደለም። የቬትናም ጦርነት ሲካሄድ እዚሁ አሜሪካ፣ ካንሳስ ካምፕ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱሪ ተኩሷል። ሬይ የሚባል ጓደኛውን ከረግረግ ውስጥ ተሸክሞ ያወጣበትን ታሪክ ማውራት የጀመረው በኋላ፣ ወረቀት ፋብሪካ ሲቀጠር፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሰዎቹ መብላት አቁመው አዳመጡት። ከዚያ ማቆሚያ አጣ።

ነፃ ትምህርቱ ስድስት ሺህ ዶላር ነው፤ የሚሰጠውም ባሕር ተሻግሮ ለተዋጋ አባል የልጅ ልጅ ብቻ። ዘንድሮ ያመለከተችው ኮሪን ብቻ ናት። ድርሰቷ ስለ ሬይ ነው።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ኤልደን አንገቱን አሰገገ። የተመታ ሄሊኮፕተር እንዴት እንዳሳረፈ በየአርቡ የሚተርከው ኤልደን ነው። «አዛዥ፣ ይሄ መዝገብ ቤት ስለ ሌላም ሰው ቢጠየቅ ይመልሳል እንዴ?»

«ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል አሉ።»

ኤልደን የያዘውን ዓሣ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

ሌስተር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ ዌንደል። ልጅቷ ትፈርም፣ እኛ እናጨብጭብ፣ ፖስታው ሣጥን ይግባ። አንዱ ከተከፈተ ሌላውም ይከፈት መባሉ አይቀርም።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። እንደሱ ቀጥል።»

አዛዡ ሲነሣ ኮሪን ሳህን ይዛ መጣች። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ነርሲንግ እንድትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል።

«አባባ፣ ብላ እንጂ። ቀዘቀዘ እኮ።»

«ፖስታው ተከፍቷል?»

ከዓሣው አጥንት ለቀመችለት። «የመንግሥት ማጣበቂያ ርካሽ ነው። እኔ ነኝ መልሼ ያሸግኩት።» አጥንቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው። «ለምረቃዬ ቀሚሴን ላስተኩስ ከተማ ለከተማ ስዞር፣ ቤታችን ባለሙያ እንዳለ አልነገርከኝም።»

ዌንደል ጎመኑን በሹካው ወዲያና ወዲህ አደረገው። «ታዲያ ለምን አመጣሽው?»

«ደረሰልኝ ብዬ ለአዛዡ ቀድሜ ነግሬው ነበር። ባላመጣው ምን ልለው ነው?»

«ድርሰቱስ?»

«ድርሰቱ የገባው በመጋቢት ነው። አሁን የቀረኝ መፈረም ነው።»

«ትፈርሚያለሽ?»

«ሰኞ ለኮሌጁ መክፈል አለብን። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ አባዬ ሥራ የለውም።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እፈርማለሁ፣ አባባ። አንተ ብላ።»

ዌንደል ግን አልበላም። ፊቷን እያየ ነበር። የረግረጉን ታሪክ የሚያወራ ዕለት፣ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ፣ መስታወት ውስጥ የሚያየው ፊት እንደዚህ ነው፤ ምንም የማይነበብበት።

ማይክሮፎኑ ጮኸ። «አሁን» አለ ሌስተር፣ «አመልካቿ ‹የጻፍኩት ቃል ሁሉ እውነት ነው› ብላ ትፈርማለች። እንደ ደንባችን፣ ባሕር ተሻግራችሁ የተዋጋችሁ ሁሉ ለምስክርነት ተነሡ።»

ኮሪን ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ብዕሩን አንሥታለች። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ የቀረው ጥቂት ነው። ወንበሮች ተንቋቁ፤ ዐሥራ አንድ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

ዌንደል ቆቡን አውልቆ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠ። አልተነሣም።

«ዌንደል» አለ ሌስተር በማይክሮፎኑ። «ጉልበትህ ነው?»

«ጉልበቴ ደኅና ነው።»

ኮሪን ብዕሯን እንደያዘች ዞር አለች።

መጀመሪያ የተቀመጠው ኤልደን ነው። እቃ ወድቆበት ሊያነሣ እንዳጎነበሰ ሰው ሆኖ ዝቅ አለ፤ ግን ቀና አላለም። ቀጥሎ በሩ አጠገብ ያለው ተቀመጠ። ቀጥለው መስኮቱ ሥር ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ። ሌሎች ሦስትም ተከተሉ። ቆመው የቀሩት አራት ነበሩ፤ እነሱም ማን ከማን ጋር እንደቆመ ዘወር ዘወር እያሉ አዩ።

ኮሪን የብዕሩን ክዳን ገጠመች።

ሌስተር ብራንት ማይክሮፎኑን ሳይለቅ፣ ሌላውን እጁን ወደ ኋላ ልኮ፣ ወንበሩ የት እንዳለ በዳበሳ ይፈልግ ጀመር።