ማሽኑ የካደው እጅ

የሥራ ባልደረቦቹ «መስታወት» ይሉታል፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ፊት ያሳያል ለማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ በባዶ እጁ ሲያገላብጥ ኖሯል። ዘንድሮ ግን በጣቶቹ መካከል ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ወጡበት፤ አሳከከው፣ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ በመጨረሻ የጣቶቹ ጫፍ ተልጦ ልሙጥ ሆነ።

ይሄኔ ሐኪሙ በዛ። ሚስቱ አዲሱን ሳሙና ጠረጠረች፤ ሳሙናው ተጣለ፣ ሽፍታው ባለበት ቀረ። አማቱ ምግብ ነው ብለው እንቁላልና ሥጋ ከለከሉት፤ ሰውየው ከሳ፣ ሽፍታው ግን ወፈረ። ጎረቤቱ የድመት ጠጉር ነው ሲል ማለ፤ ምስኪኗ ድመት ከቤት ተባረረች። ሥራ ቦታ ደግሞ እከክ ነው ብለው ፈረዱና በክርናቸው ሰላም ይሉት ጀመር። ሲሚንቶን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም እንጀራ የሚበላው በሲሚንቶ ስለሆነ ማንም ሊያማው አልደፈረም።

ይህም ባልከፋ፤ ሰዓት ተቆጣጣሪው ያስተከለው የአሻራ ማሽን ባይኖር። ሰዓት ተቆጣጣሪው ያንን ማሽን እንደ በኩር ልጁ ነው የሚያየው፤ በገዛ መሐረቡ ይወለውለዋል። አንድ ጠዋት መስታወት እንደ ወትሮው አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ ማሽኑ ቀይ አበራ። ዐሥሩንም ጣቶቹን አዳረሰ፤ ዐሥሩንም ካደው።

«አልመጣህም» አለው ሰዓት ተቆጣጣሪው።

«ፊትህ ቆሜ?»

«እኔ ባይህ ምን ዋጋ አለው? ማሽኑ አላየህም።»

ዐሥር ቀን በተከታታይ የቀረ ሠራተኛ ይሰናበታል፤ ደንቡ ነው። መስታወት በየቀኑ መጣ፣ በየቀኑ ለሰነ፣ በየቀኑ ቀሪ ተባለ። ፎርማኑ ግድግዳውን እየዳበሰ ያደንቃል፤ ስለ ቀሪ መባሉ ሲነሳ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መስታወት ፈራ። ከልስን ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ በዚያ እጁስ ማን አዲስ ሥራ ይሰጠዋል?

በሰባተኛው ቀን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ እጁን አገላብጣ አየችና ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ሁሉ አዋቂ ይህን የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት።

«ችፌ ነው፤ ያመጣው እርጥቡ ሲሚንቶ ነው» አለችው። «ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳሙናውም ድመቷም ምንም አላጠፉም። ጓንት አድርግ፣ ይህን ቅባት ተቀባ። ቆዳህ ሲያገግም አሻራህም ይመለሳል፤ ወር ምናምን ቢፈጅ ነው።»

የቀረው ሦስት ቀን ነበር። ጓንቱን ገዝቶ፣ የሐኪሟን ወረቀት ይዞ ሰዓት ተቆጣጣሪው ቢሮ ሮጠ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ ማሽኑ ወረቀት አያነብም ብሎ መለሰለት።

በዐሥረኛው ቀን የስንብት ደብዳቤው ተጻፈ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አነበበለትና፣ መቀበሉን በአሻራው እንዲያረጋግጥ አዘዘው። የእስክሪብቶ ፊርማ ቀርቷል፤ ያስቀረው ራሱ ነው። መስታወት ጣቱን አሳረፈ። ቀይ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ማሽኑን ወለወለ፣ ያንን በክርኑ ሲሸሸው የነበረውን እጅ ይዞ ራሱ ተጫነው። አሁንም ቀይ።

«ላልመጣ ሰው እንዴት ደብዳቤ ትሰጣለህ?» አለው መስታወት። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መስታወትም ከስንት ቀን በኋላ ልቡ ቀለል አለው።

ሰዓት ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ደብዳቤውን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ደብዳቤውን ካልተቀበልክ ስንብቱ አይጸናም» አለ። «ግድ የለም፣ እስከዚያ ሥራህን ሥራ። ሐኪሟ አሻራህ በወር ይመለሳል ብላለች አይደል? እጅህ የዳነ ዕለት ትፈርማለህ።»

መስታወት ግድግዳው ጋ ተመለሰ። ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ አጠገቡ ለሚሠራው ሰው ሰጠው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን እስከ አንጓቸው እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ነከረ፤ እያቃጠለው ቆየ።