ሁለት የግራ እጅጌ

የልብስ ቆራጯ እንደወትሮዋ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ የደም ግፊት ኪኒኗን ዋጠች፤ አልጋዋን አነጠፈች፤ በሩን ቆልፋ ወጣች። ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ ወጥታ እጀታውን ጎተት አደረገችው። ተቆልፏል። ባሏ በሕይወት ሳለ በዚያ ቤት የተረሳ ነገር ሁሉ በእሱ ይላከክ ነበር፤ እሱም ስቆ ይቀበላል። ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

ስፌት ቤት ስትደርስ ሰፊዋ ቀድማ ገብታ ካውያውን አሙቃለች። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትሰፋለች። ትናንት ከሰዓት የተቆረጠው የጡረተኛው ርዕሰ መምህር ኮት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ለልጃቸው ሠርግ ነው፤ ዛሬ ሊለኩት ይመጣሉ።

"እትዬ፣" አለች ሰፊዋ እጅጌዎቹን ጎን ለጎን ይዛ፣ "ለመሆኑ ሰውዬው ቀኝ እጅ የላቸውም እንዴ?"

"ምን ትያለሽ?"

"ሁለቱም የግራ ናቸዋ!"

ቆራጯ ተቀብላት ወደ መስኮቱ ተጠጋች። እውነት ነው። ጨርቁ ጠባብ ስለነበር እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ነበር የቆረጠችው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ከተቆረጠ በኋላ የካርቶኑ ንድፍ ይገለበጣል፤ ይህን ለማጅ እንኳ አይስተውም። የባሰው ደግሞ፣ መገልበጧን በደንብ ታስታውሳለች። ካርቶኑ ሲገለበጥ ያሰማው ድምፅ ሳይቀር ጆሮዋ ላይ አለ።

"በጀርባው ገልብጠን ብንሰፋውስ?" አለች ሰፊዋ።

"የጨርቁ ጀርባ ሌላ መልክ ነው። ከሩቅ ያስታውቃል።"

"እንግዲያው ጨርቁ አነሰን እንበላቸው። ማን ያውቃል? ያለፈውንስ እንዲሁ አይደል..." ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"የቱን ያለፈ?"

"ይተዉት እትዬ።"

"የቱን ያለፈ ነው የምልሽ!"

"የነርሷን ቀሚስ። ወገቡ አራት ጣት ጠቦ ነበር፤ ቀጥዬ ሰጠኋት። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ሱሪ..."

"ስንት ጊዜ?"

ሰፊዋ ዓይኗን ከካውያው ላይ ሳትነቅል፣ "እንጃ፣ ብዙ" አለች። "ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው። አፈር ስሆን አይቀየሙኝ።"

ቆራጯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእናቷም ነገር የጀመረው እንዲሁ በትንሹ ነበር፤ ምግብ ላይ ጨው ሁለቴ በመጨመር። ቤተሰቡ ውሃ ጠብ እያደረገ ዝም ብሎ ይበላል። ማንም አልነገራቸውም። ኋላ አንድ ቀን ገላቸውን ስታጥባቸው ቀና ብለው አዩዋትና፣ በታላቅ ትሕትና፣ "እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?" ሲሉ ጠየቋት።

"እንደምን አደራችሁ! ሙሽራው መጣሁ!" እያሉ ርዕሰ መምህሩ በራሳቸው ቀልድ እየሳቁ ገቡ።

ሰፊዋ ፈገግ ለማለት እየታገለች፣ "ጋሼ፣ መቼም ጨርቁ ትንሽ..." ብላ ጀመረች።

"ጨርቁ በቂ ነበር" አለች ቆራጯ። ሁለቱን እጅጌዎች አንስታ አሳየቻቸው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም የግራ አድርጌ ቆረጥኩት። የሌሎች ሰዎችንም አበላሽቻለሁ፤ ሳላውቀው። ዛሬውኑ ጨርቁን እተካለሁ።"

"እርስዎ? እርስዎ'ኮ በዓይንዎ ለክተው የሚቆርጡ ሰው ነዎት!"

"ነበርኩ።"

ርዕሰ መምህሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። "ሠርጉ ገና ሁለት ሳምንት አለው፤ አይጨነቁ" ብለው ወጡ።

ቆራጯ መቀሱን አነሳችና በእጀታው በኩል ለሰፊዋ ዘረጋችላት።

"እኔ? ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ!"

"አሳይሻለሁ" አለቻት። "እስከማስታውስ ድረስ።"

ሰፊዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ተቀበለቻት፤ ወስዳም ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ቆራጯ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጠረጴዛዋ ላይ ጠመኔ፣ ሜትርና ካርቶን አለ። መቀስ የለም።