ርግቧን ያስመዘገበችው ሴት

የሺዓለምና ደብሪቱ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጧፍ ይሸጡ ነበር። ሙያውን ያስተማረቻቸው አንዲት መነኩሲት ናት። ዐሥር ዓመት ሙሉ ገበያቸው እኩል ነበር። በ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. ግን ደብሪቱ ለአንድ አርመናዊ አታሚ ነግራ ርግብ የተሣለበት ትንሽ ወረቀት አሳተመች፤ ጧፏንም በእሱ እየጠቀለለች መሸጥ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ የሺዓለምን አልፎ «ባለ ርግቧን ስጪኝ» ማለት ያዘ።

የሺዓለም በመጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ግን እህል አልወርድ አላት። ደብሪቱ አዲስ ነጠላ ስትለብስ፣ ቄሱ ቆም ብለው ስለ ጤናዋ ሲጠይቋት፣ ሁሉም ከራሷ ላይ ተገፍፎ ለደብሪቱ የተሰጠ መሰላት።

ዘነቡ የምትባል ደንበኛዋ አንድ ቀን በከተማው ስላለ አንድ ንባብ ቤት አጫወተቻት። እዚያ አቶ አታክልቲ የተባሉ ሰው ጋዜጦችንና የንግድ ምልክት መዝገብን ይጠብቃሉ፤ ማንበብ ለማይችልም ፈልገው ያነቡለታል። የሺዓለም በማግሥቱ ሄደች። ርግቧ ከፈረንጅ ነጋዴ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ ደብሪቱ ትዋረዳለች ብላ ነበር የጓጓችው።

አቶ አታክልቲ መነጽራቸውን አድርገው የሁለት ዓመት ጋዜጣና መዝገቡን ገጽ በገጽ ፈተሹ። አንበሳ፣ ዝሆንና ግመል ተመዝግበዋል፤ ርግብ ግን የለችም። ያልተመዘገበ ምልክት ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው እንደሚሆን ለማንም እንደሚያስረዱት አስረዷት።

«እንግዲያው በእኔ ስም ይጻፉልኝ» አለች የሺዓለም።

«ሥዕሉ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

ማስታወቂያው በጋዜጣ ወጣ። ተቃዋሚ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ርግቧ የእሷ ትሆናለች። የሺዓለም ሥራዋን እየተወች በየጠዋቱ ንባብ ቤቱ ደጃፍ ትቆም ጀመር፤ ደብሪቱ እንዳትመጣ ትጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ደብሪቱ መጣች። ማስታወቂያውን ያየው አታሚው ነግሯት ኖሯል። የሺዓለምን ደጃፉ ላይ ብታያትም አልፋት ገባች፤ የሺዓለምም ተከትላት ገባች። አቶ አታክልቲ ማስታወቂያውን ለደብሪቱ አነበቡላት፤ መቃወም እንደምትችልና አታሚው ቢመሰክርላት እንደምትረታም ነገሯት። ደብሪቱ ስሙን ድጋሚ እንዲያነቡላት ጠየቀች። ካነበቡላት በኋላ ወደ የሺዓለም ዞረች።

«ብትነግሪኝ ለአንቺም ባሳተምኩልሽ ነበር» አለቻት። ከዚያ ወደ አቶ አታክልቲ ተመልሳ «አልከስም፤ ትውሰዳት» ብላ ወጣች።

የሺዓለም ፊቷ ነደደ። ብትከሰስ ትከራከር ነበር። የደብሪቱ ደግነት ግን ከወረቀቱ ይልቅ አስቀናት።

ጊዜው ሲያልፍ ርግቧ የየሺዓለም ሆነች፤ ወረቀቱን አሳትማም ጧፏን ትጠቀልልበት ጀመር። ደብሪቱ ጧፏን ያለ ወረቀት፣ በተራ ክር አስራ ሸጠች። ሰው አንድ ሳምንት ተደናግሮ የባለ ርግቧን ጧፍ ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጧፉ እንደሚጨስና በቶሎ እንደሚያልቅ እያማረረ ወደ ደብሪቱ ተመለሰ።

የሺዓለም በዚህ ጊዜ ሰው ልካ ከደብሪቱ ጧፍ አንድ እስር አስገዛች። ቤቷ ገብታ ፈታችና ከራሷ ጧፍ ጋር አስተያየችው። የደብሪቱ ሰም ጥርት ያለ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጣርቷል። መነኩሲቱም ያስተማረቻቸው እንዲሁ ነበር። የሺዓለም ግን ድካሙን ጠልታ አንድ ጊዜ ብቻ ማጣራት ከጀመረች ሰንብታለች።

በማግሥቱ ወደ ገበያ አልወጣችም። ሰሙን አቅልጣ አጣራች፤ ቀዝቅዞ ሲረጋ እንደገና አቅልጣ አጣራችው። ቅናቱ አልለቀቃትም። ሰሙ በጨርቁ ውስጥ ሲንጠባጠብ እንኳ፣ አሁን ደብሪቱ ዘንድ ማን ቆሞ ይገዛ ይሆን እያለች ታስብ ነበር።