ሁለት ጭብጨባ

ቧንቧ ሠሪው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ወጥቶ ቀና አለና መዳፉ ላይ የተለጠፈውን አቧራ ለማራገፍ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ጧ፣ ጧ። ሌላ ምንም አላደረገም።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰባት የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች እኩል ብድግ አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጸጥ ብለው ጠበቁ።

ሰውዬው ከኋላው ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ከዚያ መምህርቷን አያት።

«እትዬ፣ ምን አደረግኳቸው?»

መምህርቷ ዓይኗን ከእሱ ወደ ተማሪዎቹ መለሰች። በእጇ ከጨርቅ የተሰፋችውን የማስተማሪያ አሻንጉሊት እንደያዘች ናት። ሰውዬው መፍቻውን ይዞ ከመግባቱ በፊት እዚያው ቆማ ስለ ገላ ንጽሕናና ስለ ሰው አቀራረብ ስታስተምራቸው ነበር። «ሰውነታችሁ የማን ነው?» ስትል «የእኔ» ብለው ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸውላታል። «የማታውቁት ሰው ሊነካችሁ ሲመጣስ?» ስትል «እንቢ» ብለዋታል፤ ያውም እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ። ልጆቼ ገባቸው ብላ ደስ ብሏት ነበር።

የጭብጨባው ነገር እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ የሰባት ልጅ ፊት መጥረግና ሽርጥ መፍታት ለአንድ ሰው ቀላል ሥራ አይደለም። አንዱ ይሸሻል፣ አንዷ ትነክሳለች፣ ሌላው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም ይላል። መምህርቷ ምን ታድርግ፣ እያባበለች፣ ከረሜላ እያቀመሰች አስለመደቻቸው፦ ሁለት ጭብጨባ ሲሰሙ ተነሥቶ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ እጅ ሰቅሎ መቆም። የሌላ ክፍል አስተማሪዎች መጥተው አይተው «እጅሽ ይባረክ» ብለዋታል፤ እሷም በሆዷ ኮራ ብላለች። ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ያጨበጨበው እጅ የማን እንደሆነ እንደማያይ አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

«ተቀመጡ ልጆቼ» አለች በመጨረሻ።

ስድስቱ ተቀመጡ። አለቃ ብቻ ቆማ ቀረች።

አለቃ የሚሏት ሁሉንም ስለምታዝ ነው፤ «አንተ አፍህን ዝጋ»፣ «አንቺ እግርሽን ሰብስቢ» ስትል ነው የምትውለው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰኞ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ማጠፍ ትጀምራለች፤ ብቻዋን በአውቶቡስ ሄዳ ብቻዋን ልትመለስ። «ትችላለች፣ ግድ የለሽም» ብላ እናቷን ያደፋፈረቻት መምህርቷ ናት። እናትየው የመጨረሻውን ቃል ለመስማት ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች።

ይህች ማንንም የማትፈራ ልጅ አሁን ለማታውቀው ሰው ፊቷን ሰጥታ፣ እጇን ሰቅላ ቆማለች።

«እስካሁን አልጠረገኝም» አለች ቅር ብሏት።

ቧንቧ ሠሪው ዕቃውን ለቃቅሞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ «እኔም ልጅ አለኝ» አለ፤ ለማን እንደተናገረ እሱም ያወቀ አይመስልም።

መምህርቷ አሻንጉሊቷን አስቀምጣ፣ አለቃንም ቁጭ አድርጋ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«አለቃዬ፣ አሁን አጨበጭባለሁ፤ አንቺ ግን እንቢ ትይኛለሽ። እሺ?»

«እሺ ቲቸር።»

አጨበጨበች።

«እንቢ» አለች አለቃ። እያለችም ተነሥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘረጋች። ቀጥላ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጥ አድርጋ፣ «ጎበዝ ነኝ አይደል?»

ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህርቷ ግን አብራቸው አልሳቀችም። ለካስ እንቢታንም ያስለመደቻቸው ልክ እንደዚያው ኖሯል፤ ሲጠየቁ የሚያወጡት፣ ከረሜላ የሚያስገኝ ቃል።

እናትየው ስትመጣ ሌሎቹ ሄደው አለቃ ብቻ ወንበር ትደረድር ነበር። እናትየው ፀጉር ሠሪ ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ በቀለም ጠቁሯል።

«እህስ ቲቸር፣ ሰኞ ልልቀቃት?»

መምህርቷ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት። እናትየው መጀመሪያ ሳቀች።

«እሱማ ቤትም እኮ ነው። እርስዎ ካስለመዷት ወዲህ ተገላግያለሁ። ፀጉር ቤት ይዣት ስውል ደንበኞቼ ‹እስቲ አሳዪን› ይሉኛል፤ አጨበጭባለሁ፣ እነሱም ይስቃሉ።»

«ሌላስ ማን ያውቃል?» አለች መምህርቷ።

«ማን የማያውቅ አለ? አክስቷ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። የፀጉር ቤቱ አከራይማ ራሱ ነው የሚያጨበጭብላት። እኔ ዕቃ ልገዛ ወጣ ስል እንኳ እሱ ነው አብሯት…»

እዚያ ላይ ቆመች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ። የጠቆሩ ጣቶቿን አፏ ላይ ጫነች። መምህርቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ አስቀመጠቻትና ትከሻዋን ይዛ ቆመች።

አለቃ የመጨረሻውን ወንበር ገፍታ መጣች። ጉንጯ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። እናትየው እንደ ልማዷ የሻርፗን ጫፍ ይዛ ተነሣች፤ ከልጅቷ ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እጇ ቀጥ አለ።

«ልጥረግልሽ?» አለቻት። እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

አለቃ ግራ ገባት። የእናቷን ፊት አየች፤ መልሱ እዚያ የለም። ዞር ብላ የመምህርቷን ፊት ፈለገች፤ ሁልጊዜ መልስ የሚገኘው እዚያ ነውና።

መምህርቷ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ ያለውን አንዱንም አላየችም። ከኋላዋ የልጅቷ ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። መምህርቷ እጆቿን አጥብቃ ቆልፋ ጠበቀች።